ያለ ቅል የተጣለ መልህቅ

ዛሬ ጠዋት ከራሴ ጋር ተጣልቼ እስካሁን አልታረቅንም። ሽማግሌ ልላክበት እንዳልል ሽማግሌው እኔው ነኝ። ነገ የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነው፤ የቧንቧው ውሃ ደግሞ ከሄደ ሰንብቷል። ቧንቧ ለእኛ ቤት እንደ ግድግዳ ሥዕል ነው፤ አቧራውን እንጠርግለታለን እንጂ ምንም አንጠብቅበትም። ስለዚህ ለወጡም፣ ለዕቃ ማጠቢያውም፣ ለእንግዳው እጅ ማስታጠቢያውም ያለን ተስፋ የጓሯችን ጉድጓድ ነው። ባለቤቴ አለምነሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጉድጓዱን እንዳትነካው። ደሴ ሲነሣ ይቀዳልናል» አለችኝ። ደሴ ተከራያችን ነው፣ ባለባጃጅ። እኔ ደግሞ እንዳትነካ የተባልኩትን ነገር ሳልነካ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። ገመዱን በአዲሱ ባልዲዋ ላይ ቋጠርኩና ሰደድኩት። ባልዲው ታች ደረሰ፣ ሞላ፣ ከበደ፣ ከዚያ ደግሞ ቀለለ። ስስበው ገመዱ ብቻውን እየተወዛወዘ ወጣ። ቋጠሮዬ ተፈትቷል።

እስከዚህ ድረስ ተራ ስሕተት ነው፤ በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለውን አንቆጥረውም። ትልቁ ሞኝነት ቀጥሎ መጣ። ከአልጋዬ ሥር መልህቄን አወጣሁ። በዚህ ሁሉ ተራራ መካከል የጀልባ መልህቅ አልጋው ሥር አስቀምጦ የሚተኛ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አራት የታጠፉ ጣቶች ያሉት ነው፤ ጋፋት አጠገብ የነበረ አንድ ቀጥቃጭ ከጭነት መኪና ባሌስትራ አጥፎ የሠራው። በወጣትነቴ የሠራሁባት ጀልባ ከሞተች ወዲህ ሥራው ጉድጓድ የገባ ባልዲና ጀሪካን ማውጣት ነው፤ ከሰፈሩ ሁሉ እየመጡ ይዋሱኛል። ያንኑ ረጅም ገመድ፣ ቤት ውስጥ ያለንን አንድ ረጅም ገመድ፣ መልህቁ አናት ላይ አሰርኩና ወረወርኩት። ባልዲውን ልይዝ ብዬ የጉድጓዱን ግርጌ ያዝኩ። ታች ያለው የሲሚንቶ ቀለበት ሥር ገብቶ ጣቶቹን ቀረቀረ። ሳብኩ። እንቢ አለ። እንደገና ሳብኩ። ወገቤ እሺ አለ፣ እሱ እንቢ አለ።

ሞኝነቴ የቱ ጋ እንደሆነ ላስረዳ። መልህቅ ሲጣል ሁለት ገመድ ይታሰርበታል። ወፍራሙ አናቱ ላይ ነው፤ ጀልባዋን የሚይዛት እሱ ነው። ቀጭኑ ደግሞ ከታች፣ ጣቶቹ ከሚገናኙበት ከእግሩ ላይ ይታሰርና ጫፉ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ይደረግበታል፤ ቅል ቢሆን ደግ ነው። መልህቁ ድንጋይ ሥር ገብቶ አልወጣም ሲል፣ ቅሉን ትይዝና በቀጭኑ ገመድ ከጀርባው ትስበዋለህ፤ በገባበት በኩል ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ትምህርት ከጎልማሳነቴ ጀምሮ በየጠላ ቤቱ፣ በየልቅሶው፣ ባሕር በሕልሙ እንኳ አይቶ ለማያውቅ ደገኛ ሁሉ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሰው «አያ አንዳርጌ ደግሞ ሁለተኛውን ገመድ ሊጀምሩልን ነው» እያለ ከአጠገቤ ይነሣል። ዛሬ ግን ሁለተኛውን ገመድ ረስቼ የጣልኩት እኔው መምህሩ ነኝ።

ደሴ ተነሥቶ መጣና አየኝ፤ አልሳቀም። አለመሳቁ ይብስ ያናድዳል። «አባባ፣ ይሂዱ ይረፉ፣ በባጃጅ እጎትተዋለሁ» አለ። ገመዱን ከባጃጁ ኋላ አሰረና ሞተሯን አስጮኻት። ባጃጇ ጥቂት ሄደች፤ ከዚያ የፊት ጎማዋ ከመሬት ተነሥቶ እንደ ፈረስ ቆመች። «አባባ! ይኼ ጉድጓድ ባጃጄን ሊውጥብኝ ነው!» ብሎ ዘሎ ወረደ። ቀጥሎም ከወንበሩ ሥር ቢላዋ አወጣ። «ገመዱን ከዚህ ቆርጠን ከተረፈው ላይ ሌላ ባልዲ እንሰር፤ በቃ።» እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከሆዴ ውስጥ አንድ የቆየ ድምፅ ወጣ። «በሕግ አምላክ!»

ደሴ ቆመ፤ ግን ከመደንገጥ ነው እንጂ ከሕጉ አይደለም። «ምን አሉ አባባ?» አለ፣ ቢላዋውን እንደያዘ። የዛሬ ሰው በዚህ ቃል አይቆምም። ድሮ ቢሆን ኖሮ እጁ አየር ላይ ይደርቅ ነበር። ሁለት ሰው ሲጣላ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ዱላውን እንዳነሣ ይቆማል፤ ጉዳዩ በሰው ፊት ታይቶ እስኪለቀቅ ድረስ ንቅንቅ የለም። ያን ጊዜ ነው ወደ አጥሩ በር ዞር ስል እማሆይን ያየኋቸው። ለማኅበሩ ሽንኩርት ሊልጡ መምጣታቸው ነው፤ ቆባቸውን ደፍተው፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ አንድ እግራቸውን ደፉ ላይ እንዳነሡ ቆመው ቀርተዋል። ቃሉን ሰምተው እኮ ነው! ማን ማንን እንዳቆመ ሳያጣሩ ቆሙ። አየኋቸው፣ አዩኝ፤ ገመዱን አዩት። ሁለታችንም በሐሳብ የት እንደሄድን ደሴ በየት በኩል ይወቅ!

እኔ በወጣትነቴ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬን የምዘረጋው ወደ ገበያ መውረጃው ጥግ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። አሁን እዚያ ጥግ ላይ የስልክ መሸጫ ተሠርቷል፤ ባለፍኩ ቁጥር ካውያዬን የምሰቅልበትን ምስማር በዓይኔ እፈልጋለሁ፣ አላገኘውም፣ እናደዳለሁ። በስሙኒ ሻይ ከነዳቦው ተበልቶ መልስ ይገኝ ነበር። ወጣቱ ሁሉ እግሩ ሥር የሚሰፋ ሱሪ ይፈልግ ነበር፤ መሬት እየጠረገ የሚሄድ። ጨርቅ ለማትረፍ ስል ሱሪውን ጠባብ አድርጌ እቆርጥና ከጉልበቱ በታች በተረፈ ካኪ ሦስት ማዕዘን እጨምርበት ነበር፤ «አዲስ የመጣ ነው» ስላቸው አምነው ይለብሱታል። የሻይ ቤቱ ራዲዮ መስኮት ላይ ይቀመጣል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ባለቤቱ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እንደ በርበሬ። ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ዘፈኑ ይጀምራል፤ መሐል ላይ ሲደርስ ደግሞ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይጠፋል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ዘፈን ሁሉ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላውቀውም። ከማን ጋር እንደተለያዩ ሰምቼ፣ ይታረቁ አይታረቁ ሳላውቅ ይኸው አረጀሁ።

አንድ ቀን ከይፋግ የመጣ ሐጂ፣ የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ፣ በአህያ ጭኖ ያመጣውን አቡጀዲ በረንዳዬ ላይ ዘረገፈውና ለጀልባ ሸራ እንድሰፋለት ጠየቀኝ። ፈረንጆች ሲሄዱ ጥለውት የሄዱትን የብረት ጀልባ ገዝቷል፤ ሞተሩ ሞቷል፤ መለዋወጫም የለ፣ ነዳጁም ውድ ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቁሞ በንፋስ ሊነዳው አስቧል። ሸራ አይቼ አላውቅም። «እሰፋለሁ» አልኩት፤ ያ ዕድሜ የማይችለው ነገር አልነበረም። ሰፍቼ ስጨርስ ግን ሐጂው፣ «ሸራው በተቀደደ ቁጥር ደብረ ታቦር ድረስ አልመላለስም» ብሎ ከነመርፌዬ ወደ ጣና ዳር ወሰደኝ። የጀልባዋ አዛዥ አያ መኳንንት ይባላሉ። የሞተር ጀልባ ዘበኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ጀልባ ሲጠብቁ ኖረው መንዳቱንም የተማሩ መሰላቸው። ግማሹን በትክክል ያውቃሉ። ችግሩ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ አያውቁም። ድምፃቸው ግን ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። እኔን «መርፌው» ነበር የሚሉኝ።

ጥር ላይ አንድ ግራዝማች ጀልባዋን ለሠርግ ተከራዩአት። የሚድሩት የወንድማቸውን ልጅ፣ ጥሩወርቅን ነው። የሙሽራው ቤት ከባሕሩ ማዶ ነው፤ እሱ እዚያው ሆኖ ይጠብቃል፣ ሊወስዷት የመጡት ሚዜዎቹ ናቸው። በሁለቱ ቤት መካከል ከአባቶቻቸው የወረደ ደም ነበረ፤ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ተመላልሶ፣ በጋብቻ ይታጠብ ተባለና ታረቁ። ቃሉ ግን ጥብቅ ነው፤ ሙሽራዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሙሽራው ደጃፍ ትግባ። ካልገባች ንቀት ነው፤ ንቀት ከሆነ ደግሞ ጠመንጃው ከተሰቀለበት ይወርዳል። በበቅሎ ቢሄዱ በጊዜ ይደርሱ ነበር። ግራዝማች ግን፣ «የእኛን ልጅ በበቅሎማ ማንም ይወስዳታል! በባሕር ነው የምንድራት!» አሉ። በቅሎዎቹ በየብስ ዞረው እንዲጠብቁን ተላኩ፤ እኛ በአቡጀዲ ተነሣን።

ጠዋት ንፋስ የሚባል ነገር የለም። እየቀዘፍን አንዲት ትንሽ ደሴት አጠገብ ስንደርስ ክንዳችን ዛለ። አያ መኳንንት፣ «ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይመጣል፤ እስከዚያ እንቁም» ብለው መልህቁን ጣሉት፤ ያለ ሁለተኛ ገመድ፣ ያለ ምንም። ቁጭ አልን። ሙሽራዋ ከራስ እስከ እግሯ በነጠላ ተሸፍና አንደኛ ሚዜው ጭን ላይ ናት፤ ከእናቷ ቤት ከወጣች ጀምሮ እግሯ መሬት ሳይነካ ሙሽራው ቤት መድረስ አለባት። በእጇ አንዲት ቅል ይዛለች፤ እናቷ ለራስ ቅባት ብላ ንጥር ቅቤ የሞላችላት፣ አንገቷ ላይ ቆዳ የታሰረባት የታጠነች ቅል። ሚዜዎቹ እየተቀያየሩ ይታቀፏታል፤ የደከመው «ኧረ ያዝልኝ» እያለ ያስተላልፋታል። እኔ መርፌና ክር ይዤ ምሰሶው ሥር ተኝቻለሁ። ከዚያ የተባለው ንፋስ እውነትም መጣ። ሸራው ቦርቀቅ ሲል ሁላችንም እልል አልን። አያ መኳንንት፣ «መልህቁን አንሡ!» አሉ። አልተነሣም።

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ጎተትነው። ገመዱን እያሳጠርን ጀልባዋን ልክ ከመልህቁ በላይ አመጣናትና ቀጥ አድርገን ወደ ላይ ሳብን። ጀልባዋ ወደ ታች ሄደች እንጂ እሱ ወደ ላይ አልመጣም። ሁለተኛው ሚዜ ቀልደኛ ነበርና ገመዱን እየሳበ ግጥም ጀመረ፦

ንፋሱስ መጣልን፣ ሸራው ተወጠረ፤
መልህቁ ሚስት አግብቶ ባሕር ውስጥ ቀረ።

ግራዝማች ብቻ አልሳቁም። «እናንተ ትዘፍናላችሁ፣ ፀሐይዋ ትሄዳለች» አሉ። አያ መኳንንት በበኩላቸው ጥበብ አወጡ። «አሳጥረን እንሰረውና ሞገዱ ይንቀለው። ሞገድ ፊቷን ሲያነሣት ገመዱን ይስበዋል፤ በእጅ አይደለም፣ በትዕግሥት ነው።» እውነታቸውን ነው፤ ደንበኛ ዘዴ ነው። እኛ ግን ደሴቷ ከለላ ሆናልን ሞገዱ አይደርስብንም። ጀልባዋ እሹሩሩ እንደሚሏት ሕፃን ቀስ ብላ ትወዛወዛለች፤ ትዕግሥቱ የእኛን እንጂ መልህቁን አልነቀለም። ማዶ ያለው ዳር፣ የሙሽራው ሰዎች የቆሙበት፣ ፍንትው ብሎ ይታየናል። ሰዓት ሳይኖር ጊዜ ሲሄድ እንዲህ በዓይን ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ!

«እንግዲያውስ በሸራ እንዞረዋለን» አሉ አያ መኳንንት። ይኼም ዘዴ ነው፤ ገመዱን ታላላለህ፣ ሸራውን ትወጥራለህ፣ መልህቁን አልፈህ በወዲያ በኩል በፍጥነት ትሄዳለህ፤ ገመዱ ሲያልቅ ከጀርባው ነጥቆ ያወጣዋል። ሸራው ተወጠረ፤ አለፍነው፤ ደስ ብሎን «ሂጂ! ሂጂ!» እያልን ነው። ገመዱ ድንገት ተወጠረ። ጀልባዋ ቀጥ አለች። ከላያችን ደግሞ ረጅም የቅዳድ ድምፅ ተሰማ፤ በበረንዳዬ ስንት ሱሪ ሲቀደድ ሰምቼዋለሁ፣ አይጠፋኝም። ቀና ስል ሸራው ከላይ እስከ ታች ተከፍሏል፤ የተከፈለው ደግሞ ልክ በስፌቴ መስመር ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼ ነው ስፌት?» አሉ ግራዝማች።

«ጨርቁ ነው ጌታዬ» አልኩ። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

«ጨርቁማ ደህና ነው፤ ይኸው ሁለት ሆኖልሃል» አሉ አያ መኳንንት። «ስፋ መርፌው!»

ሰፋሁ። መርፌው ጣቴን ከጨርቁ እኩል ይወጋል። ፀሐይዋ ከምሰሶው ጫፍ ወርዳ ግማሽ ላይ ደረሰች። ግራዝማች ተነሥተው ከቀበቷቸው ጩቤ አወጡና ወደ ገመዱ ሄዱ። «ብረት ነው ወይስ ሰው ነው የሚበልጠው? ይቆረጥ!» አያ መኳንንት ቀድመው ቋጠሮው ላይ ቁጭ አሉበት። «ያለ መልህቅ ማዶ ብደርስ ንፋሱ ድንጋዩ ላይ ነው የሚጥለኝ! ሙሽራ ልታስረክቡ ነው ወይስ ሬሳ?» ግራዝማች ጩቤውን ሲያነሡ አያ መኳንንት ጮኹ፦ «በሕግ አምላክ!»

ግራዝማች ቀጥ አሉ፤ እጃቸው እንደተነሣ። ያን ድንቅ ነገር አስቡት። ጀልባዋ በመልህቅ ታስራለች፣ ግራዝማች በቃል ታስረዋል፣ ሙሽራዋ በልማድ ታስራለች፣ እኔ በመርፌ ታስሬያለሁ። ከማሰሪያው ሁሉ የቀለለው የገመዱ ነበር፤ እሱን ብቻ መቁረጥ አይቻልም።

«እሺ፣ አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ አያ መኳንንት ከተቀመጡበት። «ሁላችን ወደ ፊቷ እንሂድ። በክብደታችን ፊቷ ሲሰምጥ ገመዱን እስከ መጨረሻው አሳጥረን እናስረዋለን። ከዚያ ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ እንሮጣለን፤ ፊቷ ስትነሣ ትነቅለዋለች።» አደረግነው። ሁላችንም እንሮጣለን፤ አንደኛ ሚዜው ግን ሙሽራዋን አዝሎ ወዲያ ወዲህ እየተንገዳገደ መጨረሻ ይደርሳል። እሱ ሲደርስ ጉልበታችን አልቋል፤ ጀልባዋ ቀስ ብላ ነው የምትነሣው፣ መልህቁም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ደገምነው፤ ያው ነው።

«ልጅቷን አውርዳት!» አሉ አያ መኳንንት።

«እግሯ መሬት አይነካም!» አሉ ግራዝማች።

«ይኼ ምኑ መሬት ነው? መሬቱ ታች ነው፣ መልህቁን የያዘው!»

«እግር የሚረግጠው ሁሉ መሬት ነው!»

በዚህ ላይ ሚዜዎቹ ሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ጀልባ ዕቃ ነው ይላል፣ ሌላው ወገን ወለል ካለው መሬት ነው ይላል። ፀሐይዋ ከማዶ ካለው ጋራ በላይ ክንድ አትሞላም። ቄስ ቢኖር ኖሮ ገና ከመጽሐፍ ይጠቀስ ነበር። አንደኛው ሚዜ ላቡ በአገጩ እየወረደ፣ «ኧረ መሬትም ይሁን ሰማይ ቶሎ ቁረጡልኝ!» ይላል። ያን ጊዜ ከነጠላው ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ያልሰማነው ድምፅ ወጣ።

«ወንድሜ፣ አውርደኝ።»

«ዝም በይ! ሙሽራ አትናገርም!» አሉ ግራዝማች።

«አጎቴ፣ እርስዎ ቆመው ይከራከሩ። እኔ ካልደረስኩ የሚገደለው የእናቴ ልጅ ነው» አለችና ከሚዜው ጀርባ ተንሸራታ ወረደች። ቅሏን ደረቴ ላይ ወረወረችልኝ። ቀሚሷን ጨበጠች፤ «ወደ ፊት!» አለች፤ ሄድን። ገመዱ አጠረ፤ ታሰረ። «አሁን!» አለች፤ ሮጥን። ሁላችንንም ቀድማ ኋላ ደረሰች፤ የተረከዟ ድምፅ ብረቱ ላይ ሲያስተጋባ አሁንም ይሰማኛል። የጀልባዋ ፊት ብድግ አለ፤ ከታች አንድ ነገር ቋ! አለ፤ ጀልባዋ ተፈናጠረች፤ እኔም ከነመርፌዬ፣ ከነክሬ፣ ከነቅሉ ባሕር ውስጥ ገባሁ። ዋና አልችልም። ያተረፈኝ ቅሉ ነው፤ ተንሳፍፎ ሲያነሣኝ አቅፌው ቀረሁ፤ በመቅዘፊያ ጎትተው አወጡኝ። መልህቁ ጣቱ ላይ የድንጋይ ስባሪ ይዞ ተንጠልጥሏል።

በተጣፈው ሸራ ገስግሰን ማዶ ልንደርስ ስንል ግራዝማች መሐል ላይ ቆሙ። «በሕግ አምላክ!» አሉ፤ ሁላችንም ደረቅን። «እዚህ ጀልባ ላይ ማንም ምንም አላየም። ሙሽራዋ አልወረደችም፤ አልተናገረችም።» ሚዜው መልሶ አዘላት። አያ መኳንንት በበኩላቸው፣ «እኔ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ሁለተኛ ገመድ አልጥልም፤ የሚንሳፈፍ ነገር ስጡኝ!» ብለው እሪ አሉ። ዛሬ ቢሆን በየቦዩ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቷል፤ ባሕሩም ራሱ በእምቦጭ ተሸፍኖ ምን ይሰምጥበታል! ያን ጊዜ ግን የሚንሳፈፍ ያለው እጄ ላይ ያለው ቅል ብቻ ነው። ወደ ተሸፈነችው ሙሽራ ጠጋ ብዬ አዋሽኝ አልኳት።

«ትመልሰዋለህ?» አለች ከውስጥ፣ በሹክሹክታ።

«ነገ ጠዋት!»

ቅቤው ወደ ገበታ ተገለበጠ። ቅሉን ጫፉ ላይ ቋጠርኩት፤ መልህቁ ተጣለ። ሙሽራዋ እግሯ መሬት ሳይነካ፣ ፀሐይዋ ጋራውን ገና ስትነካው፣ በእልልታ ገባች። ጠመንጃዎቹ ለደስታ ተተኮሱ፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤት መካከል ለሌላ ነገር አልተተኮሱም። በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ዳር ስወርድ ቀጭኑ ገመድ አለ፤ ቅሉ የለም። ቋጠሮው የኔ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳወራ እማሆይን በር ላይ አቁሜያቸው ቀርቻለሁ። ግራዝማችም፣ አያ መኳንንትም፣ ሚዜዎቹም ነፍሳቸውን ይማርና አልፈዋል፤ ከዚያ ጀልባ የቀረነው እኛ ሁለታችን ነን፤ እኔ መርፌው፣ እሳቸው ሙሽራዋ። ለማውራቱም ፈቃድ የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው፤ «አሁንማ ማን ይጠይቀኛል? ይንገሩት» ብለውኛል። ባላቸው ለንግድ ወደ ደብረ ታቦር ሲመጡ አብረው መጡ፤ ልጆች አሳደጉ፤ ባል ሞተባቸውና መነኮሱ። ባገኙኝ ቁጥር፣ በጥምቀትም ይሁን በልቅሶ፣ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ ጠጋ ብለው «ቅሌስ?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ የፕላስቲክ ጆግ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። «ለቅል ቅል ነው» ብለው መለሱልኝ። አንድ ሰሞን ታምሜ፣ ልጆቼ ከየአገሩ ተጠርተው፣ ቄሱም መጥተው ሄደው፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አፍንጫውን ሲያብስ፣ እማሆይ ገቡ። አልጋዬ ራስጌ ቆሙ። የሚጸልዩ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን መሬት ላይ ደቅ አድርገው፣ «አያ አንዳርጌ፣ በሕግ አምላክ! ቅሌን ሳይመልሱ የትም አይሄዱም!» አሉኝ። አለምነሽ «ኧረ እማሆይ፣ በሽተኛ ነው!» ብትል፣ «ባለዕዳም ነው» አሏት። ቆምኩ። ምን አደርጋለሁ? እንደ ግራዝማች እጄን እንዳነሣሁ ቆምኩ፤ ከሰነበትኩም በኋላ ተነሥቼ ሾርባ ጠየቅሁ። ለተረፈው ጉልበቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደው ዘፈዘፉኝ፤ እሱም ገና ያምመኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ይፋግ ለልቅሶ ሄጄ ገበያ መሐል አለፍኩ። አንዲት ሴትዮ ቅል ደርድራለች። አንዱ ልክ የዚያን ቅል የመሰለ ነው፤ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሞላ ያለ። አነሣሁት። በጣቴ መታ መታ አደረግሁት፤ ጥሩ ድምፅ አለው። አገላበጥኩት። ሴትዮዋ «ይውሰዱት አባቴ፣ ለእርስዎ እቀንስልዎታለሁ» አለችኝ። ወደ ቦታው መለስኩት፤ ደህና አድርጌ፣ እንዳይሰበር።

«ይግቡ እማሆይ፣ ተለቅቀዋል» አልኳቸው ዛሬ። ገቡ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «አንቱ ሰው፣ አሁንም ያለ ቅል ጣሉት?» አሉ። ጉድጓድ ሞገድ የለው ታግሼ አልጠብቅ፤ ፊትና ኋላ የለው አልሮጥበት፤ በሸራ አልዞረው። የማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ ባሕር ይፈልጋሉ። እኔ ያለሁት ደብረ ታቦር ነው። ደሴ ከጎረቤት ውሃ በጀሪካን ሊያመላልስ ባጃጁን እያዞረ ነው፤ አለምነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ አንዴ እኔን አንዴ ጉድጓዱን አይታ፣ ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። ምንም ካልተናገረች ማምሻውን ብዙ ይመጣል ማለት ነው።

«ቅሌስ?» አሉ እማሆይ፣ ሽንኩርቱን እየተቀበሉ።

«እየፈለግሁ ነው እማሆይ። ዛሬ ቅል ከየት ይገኛል? ሁሉም ፕላስቲክ ሆነ።»

ደሴ ከባጃጁ አንገቱን አወጣ። «ቅል ነው እንዴ አባባ? ይፋግ ሞልቶ የለ! እህቴ እዚያው ናት፤ አሁን ብደውልላት በሚኒባስ ትልክልናለች። ነገ ይከፍሉና ይገላገላሉ።»

«አንተ ማን ጠየቀህ!» ብዬ ጮህኩ፤ ደነገጠ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። «ተወው ልጄ» አሉት። «ዕዳው የሳቸው ነው። ቀስ ብለው ራሳቸው ይፈልጉ።»

መልህቁ እዚያው ታች እንደተቀረቀረ ነው። የገመዱን ጫፍ ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር አሰርኩት፤ ይኼኛውን ቋጠሮ ሁለት ጊዜ አጠበቅሁት። እማሆይ ሽንኩርታቸውን እየላጡ በጎን ያዩኛል፤ እኔም አያቸዋለሁ። አንድ ቅል ዕዳ አለብኝ።